ስምንተኛው ካስማ

ማልሱን ጠዋት ስትነሳ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ካስማ ትቆጥር ነበር። በረንዳው ላይ ትወጣና አንድ እጇን ምሰሶው ላይ፣ ሌላውን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ባህሩ ታያለች። ሰባቱ የድሮ የባህር ቅጠል ማልሚያ የነበሩ፣ ዛሬ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ቀጥ ያሉ እንጨቶች ናቸው። ስምንተኛው ከእነሱ ራቅ ብሎ፣ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ዘመም ብሎ ይቆማል። ከሥሩ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። እሱን ስታይ ነው ትንፋሿ የሚወርደው።

ያ ካስማ የተተከለው ባሏ በሞተ በአርባ ዘጠነኛው ቀን፣ ባሏን የበላው ፈፋ አፋፍ ላይ ነው። የመንደሩ ወንዶች በመዶሻ እየተፈራረቁ፣ ከጭቃው ስር ያለውን ዓለት እስኪነካ ቀበሩት። በመንደራቸው በዳልጌ ባህሩ ሌባ ነው፤ ፊት ለፊት አይመጣም። ሲሸሽ ጭቃውን ሜዳ አድርጎ ይሄዳል፣ ሴቶቹ ወርደው አጎንብሰው ዛጎል ይለቅማሉ፣ ዓይናቸው ወደ ውሃው ነው። ውሃው ግን በፈፋው ዞሮ ከኋላቸው ይሞላል። ስለዚህ በመንደሩ አንድ ሕግ አለ፦ ውሃው ጨርቁን ከነካ፣ የያዝሽው ይቅር፣ ቅርጫትሽም ይቅር፣ ወደ ቤት። ጨርቁ ሲረጥብ ከኋላ ያለው ፈፋ ገና ጉልበት ድረስ ነው፤ ይሻገሩታል። ከዚያ ወዲያ ግን እስከ አንገት ይውጣል። ወደ ካስማው ደግሞ ማንም አይጠጋም፤ አፋፉ ይናዳል ተብሎ ይፈራል። ከሩቅ ቀይነቱን አይተው ነው የሚመለሱት።

ማልሱን ይህን ሕግ ለምራቷ ለዩንሲል ያስተማረቻት እንደ ጸሎት እያስደገመች ነው። ዩንሲል የተራራ አገር ልጅ ናት፤ ባህር ያየችው ባል አግብታ ስትመጣ ነው። ባሏ ጊሆን የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል፣ በዓመት አንዴ ይመጣል። ባለፈው ሲሄድ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ "እማ፣ ባህሩን እርስዎ ያውቁታል፣ እሷ አታውቀውም። አደራ" ብሏት ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ማልሱን አደራውን እንደ ትኩስ ድስት ይዛው ትዞራለች፤ የምታስቀምጥበት የላትም።

"በሰዓት መቁጠሪያ አትመኪ" ትላታለች። "ግድግዳው ላይ ያለው የባህሩ መምጫ ሰዓት ሰሌዳ ነፋስን አያውቅም። ነፋስ ከባህር ከነፈሰ ውሃው ቀድሞ ይመጣል። ጨርቁን ብቻ።"

"ጨርቁን ብቻ" ትላለች ዩንሲል፣ ቦቲዋን እየሳበች። "እማዬ፣ እርስዎ የሚሰጉበት ነገር ያለቀ ዕለት ገበያ ሄጄ እገዛልዎታለሁ።"

"ሳቂ። የሚስቅ ሰው አፉ ክፍት ስለሆነ ነው ውሃ የሚገባው።"

ፎቶ አንሺዎቹ የመጡት ማክሰኞ ከሰዓት ነው። አምስት ናቸው፣ ከዋና ከተማው፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ ሁሉም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተሸክመዋል። አለቃቸውን መምህር ቦንግ ይሉታል። ሽበቱን ወደኋላ ያሰረ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰላምታው እስከ ወገቡ የሚደርስ ሰው ነው። የምትላላክለት ናሪ የምትባል ሠላሳ ያልሞላት ተማሪው ናት። ሻንጣውን እሷ ትሸከማለች፣ ጃንጥላውን እሷ ትይዛለች፣ ሲናገርም ቀድማ ራሷን የምትነቀንቀው እሷ ናት።

ከባህሩ ዳር ሳንቃ የተነጠፈበት ረጅም መረማመጃ አለ፤ ከጫፉ ላይ አንድ የብረት ደወል ተንጠልጥሏል። ጭቃው ላይ ያለን ሰው የሚጠሩበት እሱ ነው፤ ነፋስ ከባህር ሲመጣ ጩኸት አይሰማምና። አምስቱ ማቆሚያቸውን እዚያው ሳንቃው ላይ ደረደሩ። ማልሱን ነገሩ አላማራትም። ነገር የሚያምራት ሰው አይደለችም። በዱላዋ እየተደገፈች ወረደች።

"ምን ሊያደርጉ ነው ጌታው?"

"ባህሩን ዝም ላሰኘው ነው እማማ" አላት መምህር ቦንግ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን መስታወት አወጣ። ጥቁር ነው፤ ብየዳ የሚሠሩ ሰዎች ዓይናቸውን የሚከልሉበት ዓይነት። "በዚህ ይመልከቱ እስኪ።"

አስጠግታ አየች። "ምንም አይታየኝም።"

"ካሜራውም እንደዚያው ነው። መስታወቱ ብርሃኑን እየቆነጠረ ነው የሚያስገባለት፤ ስለዚህ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን ገልጦ መጠበቅ አለበት።"

"ስምንት ደቂቃ? ውሃው መች ይቆምለታል።"

"የማይቆም ነገር ሁሉ ይጠፋል እማማ። ማዕበሉ ወተት ይሆናል። ወፉ፣ ጀልባው፣ የሚሄደው ሰው፣ ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። የቆመ ብቻ ነው የሚቀረው።" ፈገግ አለና ጣቱን ወደ ባህሩ ቀሰረ። "ለዚህ ነው ያ ጠማማ የቸገረኝ። ሰባቱ መልካም ናቸው፣ እንደ ዜማ ተደርድረዋል። እሱ ግን ዜማውን ያበላሸዋል። ማዕበል ቢሆን በመስታወቱ አጠፋው ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ቆሟል። ለአንድ ጠዋት ብናነሳውስ?"

ማልሱን የመረማመጃውን ገመድ ያዘች። ባሏን ነገረችው፣ ፈፋውን ነገረችው፣ ጨርቁን ነገረችው። የምራቷን ስም ሳይቀር ነገረችው። እሱ እስክትጨርስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማት።

"ገባኝ እማማ። አይሥጉ" አለና እስከ ወገቡ ጎነበሰ።

ረቡዕ ጠዋት ማልሱን በረንዳው ላይ ወጥታ ቆጠረች። ሰባት። ዓይኔ ነው ብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ እንደገና ቆጠረች። ሰባት። ዩንሲል የትናንቱን ዛጎል ይዛ ገበያ ሄዳለች። ማልሱን ባዶ እግሯን ልትሮጥ ደረጃው ላይ ደርሳ ነው ጫማዋን ያስታወሰችው።

ስትደርስ አራቱ ሳንቃው ላይ ቆመው ነበር፤ ናሪ ግን እስከ ደረት በሚደርስ የጎማ ሱሪ ባህሩ ውስጥ ናት። ካስማውን ታቅፋ እየገፋችው ነው። ውሃው ወገቧ ድረስ ነው፤ ቀዩ ጨርቅም ወገቧ አጠገብ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ገፋች፣ ወዘወዘች፣ በመዳፏ አናቱን መታች። ከዚያ ወደ ዳር ዞራ እጇን አነሳች።

"ይኸው፣ በቦታው ነው" አለ መምህር ቦንግ፣ ማልሱን አፏን ሳትከፍት። "እንዲያውም አቃንተንልዎታል። ድሮ ጠማማ ነበር።"

"አልኩዎት። አልነገርኩዎትም? ሰው ነው የምትነቅሉት ብዬ አልነገርኩዎትም?"

"ነግረውኛል። እኔም ቆጥሬ መለስኩ። ስምንት አይደሉም?"

ስምንት ናቸው። እሷ ግን መጮኋን አላቆመችም፤ ስትሮጥ የመጣችበት ፍርሃት መውጫ ፈልጎ ነበር። ሌባ አለችው። የሞተ ሰው መቃብር የሚቆፍር አለችው። ጩኸቱን ሰምቶ የመንደሩ ሊቀመንበር በሞተር ብስክሌቱ መጣ፤ ካስማውን አየ፣ ቆጠረ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

"እትዬ ማልሱን፣ እንግዳ እኮ ናቸው። ነቀሉ፣ መለሱ። ምን ቀረ?"

"እንዴት እንደመለሱት…"

"ባለፈው ወር የመብራት ሽቦው ሊበጠስ ነው ብለው ሰው አስወጡ። ከዚያ በፊት የውሃው ቧንቧ። እንግዳ ሁሉ እርስዎን እየፈራ ከሸሸ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ የሚያድረው ማነው፣ አይጥ?"

ፎቶ አንሺዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን ዋጡ። ማልሱን ፊቷ ጋለ። በሰባ አራት ዓመቷ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ልጅ ተቆጧት። መምህር ቦንግ ደግሞ ከሁሉም ይባስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ ጎነበሰላት፣ ከኪሱ ውስጥ ሞቅ ያለ የታሸገ ሻይ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። እሷም መልሳ ጎነበሰች። ስትጎነበስ አንድ ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ሲጎረብጣት ተሰማት፤ ካስማው መቃናቱ ነው፣ ወይም ጨርቁ፣ አላወቀችውም። ዋጠችው። የእኔ ስጋት መች ያልቃል አለች በልቧ።

ከሰዓት ዩንሲል ተመልሳ፣ ሩዙን ጥዳ፣ ደረቅ ዓሣውን በመቀስ እየቆረጠች ሁሉንም ሰማች።

"በቦታው መለሱት?"

"መለሱት። እንዲያውም አቃንተውታል።"

"ታዲያ ነገ ልውረድ ወይስ ልቅር? እርስዎ ካላማረዎት እቀራለሁ። ነገ ግን የመጨረሻው ነው፣ ከነገ በኋላ ባህሩ እንዲህ ርቆ አይሸሽም።"

በሌላ ቀን ቢሆን ማልሱን 'ቅሪ' ነበር የምትለው። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የሊቀመንበሩ ድምፅ ጆሮዋ ላይ አለ፣ የፎቶ አንሺዎቹም ሳቅ። አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ልሁን አለች።

"ሂጂ" አለች። "ስምንት ናቸው፣ ቆጥሬያለሁ። ጨርቁን ብቻ።"

"ጨርቁን ብቻ" አለች ዩንሲል፣ በመገረም ቀና ብላ እያየቻት። "ዛሬ ምን በልተው ነው?"

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ የአመድ ቀለም ነበረው፤ ነፋሱ ከባህር ነው። ዩንሲል ስልኳን ጨው ውሃ ይበላዋል ብላ እንደልማዷ ሩዝ ማብሰያው አጠገብ ትታ ወረደች። ማልሱን ከበረንዳው ላይ ቆጠረች፣ ስምንት፤ ከዚያ የዩንሲልን ቢጫ ኮፍያ ጭቃው ላይ ፈለገች፣ አገኘችው። ተቀመጠች። ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።

ፎቶ አንሺዎቹም ሳንቃው ላይ ነበሩ። ዛሬ መምህር ቦንግ ስምንቱንም ነበር የሚፈልገው፤ ከተቃና ወዲህ ወድዶታል።

አንድ ሰሃን ሽንኩርት ልጣ ስትጨርስ ቀና አለች። ጨርቁ ቀይ ነው፣ ደረቅ ነው፣ በነፋስ ይወዛወዛል። መልካም። ሁለተኛውን ሰሃን ጀመረች። እጇ ግን ዘገየ። አፍንጫዋ ውስጥ ፈፋው ሲሞላ የሚመጣው ሽታ ገብቷል፤ አርባ ዓመት የምታውቀው የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። ያ ሽታ ሲመጣ ጨርቁ ረጥቦ መሆን ነበረበት። ቀና አለች። ጨርቁ ደረቅ ነው።

ያን ጊዜ ትናንት የዋጠችው አጥንት ተመልሶ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ናሪ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ። ጨርቁ ወገቧ አጠገብ። ከጉልበት እንጂ ከወገብ እኩል የሆነ ጨርቅ በዳልጌ ታስሮ አያውቅም። ሲነቅሉት ጉድጓዱን ጭቃ ሞላው፤ ሲመልሱት ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ሳይገባ ቀረ። ካስማው ቁመት ጨምሯል። ጨርቁ ሲረጥብ ዩንሲል የምትሻገረው ፈፋ አይኖርም።

ስልክ አንስታ ደወለች። ስልኩ ከኋላዋ፣ ሩዝ ማብሰያው አጠገብ ጮኸ።

እንዴት ከደረጃው እንደወረደች አታውቅም። ዳር ላይ ቆማ ጮኸች፤ ነፋሱ ድምፁን መልሶ ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተው። ቢጫው ኮፍያ አጎንብሷል። ደወሉ። ደወሉ ሳንቃው ጫፍ ላይ ነው።

የሳንቃው መግቢያ ላይ ናሪ ነበረች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ቀስ ብላ ያዘቻት።

"እማማ፣ አሁን አይቻልም። ካሜራዎቹ ተከፍተዋል። ሰው ሲረግጠው ሳንቃው ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶው ይበላሻል።"

"ልቀቂኝ። ደወሉን። ልጄ ጭቃው ላይ ናት።"

መምህር ቦንግ ሳይዞር መዳፉን አነሳ። የካሜራውን የኋላ መስኮት ብርሃን እንዳይገባበት በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖት፣ እሱ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። "አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረን እማማ" አለ በሹክሹክታ።

"ልጄ እዚያ ናት፣ ልጄ፣ አይታይዎትም?"

ወደ ባህሩ ተመለከተ። ቢጫ ነገር አየ፤ ቀና ብሏል፣ እጁን ያወዛውዛል። ፊቱ ላይ የምሕረት ፈገግታ መጣ።

"እሷን ነው? አያስቡ እማማ። የሚንቀሳቀስ ሰው ፎቶው ላይ አይወጣም። ምንም አታበላሽብንም።"

ማልሱን ዱላዋን አነሳችና የናሪን እጅ መታች። ናሪ ለቀቀቻትና መልሳ ያዘቻት፤ "ይወድቃሉ፣ ሳንቃው ያንሸራትታል" እያለች፣ በእውነት እየራራች፣ አጥብቃ ያዘቻት። ሌሎቹ ሦስቱ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ፤ የተማሩት እንደዚያ ነው፣ ዓይኑ ሲከፈት ሰው ይቆማል። ማልሱን በናሪ ትከሻ ላይ አሻግራ ነበር የምታየው። ዩንሲል ቅርጫቷን ጣለች። ወደ ፈፋው ሮጠች፣ እስከ ደረቷ ገባች፣ ተመለሰች። ዙሪያዋን አየች። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ቅርቧ ላይ የቆመ ነገር አንድ ብቻ ነው። ወደ ካስማው ሄዳ አቀፈችው። ከዚያ ፀጥ ብላ ቆመች፤ ውሃው ሲወጣ እሷም ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ ትሳባለች።

ድሮ ቢሆን ይይዛት ነበር። ያ ካስማ ከዓለት ጋር የታሰረ ነበር፤ የመንደሩ ጀልባ እስኪደርስ ሰው ይሸከም ነበር። አሁን ግን ጭቃ ላይ ተደግፎ ነው የቆመው። ቀስ ብሎ ዘመም አለ፤ እንደ ድሮው ወደ ግራ። ማልሱን አየችው። ከዚያ ቢጫውም እንጨቱም አንድ ላይ ተኙ፣ አንድ ማዕበል አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

የናሪን አውራ ጣት የነከሰችው ያን ጊዜ ነው። ሳንቃውን እየደበደበች ሮጠች፣ የደወሉን ገመድ ያዘች፣ ደወለች። የመንደሩ ሰው እስኪመጣ፣ መጥቶ ጀልባ እስኪያወጣ፣ ጀልባው ባዶውን እስኪመለስ ደወለች። እጇን ከገመዱ ያላቀቁት ሁለት ወንዶች ናቸው።

ሳንቃውን ገና ስትረግጥ ካሜራው ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ተዘግቶ ነበር። መምህር ቦንግ ከልማድ ይሆናል፣ ጎንበስ ብሎ ምስሉን አየ። ባህሩ ወተት ሆኗል። ሰባቱ ካስማዎች እንደ ቀለም ጠቁረው ቆመዋል። ስምንተኛው ግን ግራጫ ነው፤ እንደ ጭስ ሳስቶ፣ ከጀርባው ያለውን ውሃ ያሳያል። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ቢጫ እድፍ ነገር አለ፣ ጣት የነካው መስታወት የሚመስል።

"ይኼኛው ለምን ደበዘዘ?" አለ።

መልሱን ናሪ ታውቀው ነበር፤ ራሱ ነው ያስተማራት። ከስምንቱ ደቂቃ የተወሰነውን ቆሞ የተወሰነውን ያልቆመ ነገር እንዲያ ነው የሚወጣው። የሚደማ ጣቷን አፏ ውስጥ አደረገች።

ዩንሲልን በሦስተኛው ቀን አገኟት። መርማሪዎች መጡ፣ ጠየቁ፣ ጻፉ። ካስማው በየትኛውም መዝገብ ላይ የሰፈረ ምልክት ስላልሆነ፣ የነቀለውም የመለሰውም ጥፋተኛ የሚሆንበት አንቀጽ አልተገኘም። መምህር ቦንግ ነጭ አበባ ይዞ ለቅሶ ደረሰ፤ እስከ መሬት ሰገደ፣ ስግደቱን አላጎደለም። ጊሆን ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመርከቡ መጣ። እናቱን አልተናገራትም። ማን ሂጂ እንዳላት አንዴ ጠየቀ፣ ማልሱን "እኔ" አለች፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር ሾርባውን የሚጠጣው። ሲሄድ ጫማውን አሰረ፤ አደራ የሚለው ነገር አልነበረውም።

በጸደይ ሊቀመንበሩ በራሪ ወረቀት አመጣላት። ከተማው አዳራሽ ውስጥ የፎቶ ትርኢት አለ፤ የዳልጌ ባህር ፎቶ አንደኛ ወጥቷል። እንግዳ ማረፊያው ከአሁኑ ተይዟል አላት፤ ከዚያ ራሱ የተናገረውን ሰምቶ አፍሮ ፀጉሩን አከከ።

ማልሱን በሁለት አውቶቡስ ሄደች። አዳራሹ ሙቅና ነጭ ነው፤ ሰው በሹክሹክታ ያወራል። ፎቶው የግድግዳውን ግማሽ ይዟል፤ ከሥሩ 'ዕረፍት' ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ሴት ለባሏ "እየው፣ እንዲህ ዓይነት ባህር ዳር ቤት ቢኖረን። አንድም ማዕበል የለው" ትለዋለች።

ማልሱን ተጠጋች። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፣ እንደ በረንዳዋ፣ ቆጠረች። ሰባት። ዓይኔ ነው ብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ቆጠረች። ሰባት። ግራጫው ካስማ በነበረበት ንጹሕ ወተት ነው፤ እድፉም የለም፣ ተጠርጓል። መስታወቱ ጨርሶ ሊያጠፋው ያልቻለውን፣ ሰው በእጁ ጨርሶታል።

ጣቷን ዘረጋችና ስምንተኛው ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ አኖረችው። እዚያው አቆየችው።

"እማማ" አላት ጠባቂው፣ በአክብሮት፣ ክንዷን ያዝ አድርጎ። "እባክዎ፣ አይንኩት። እድፍ ይሆናል።"